ሃይሉክስ ወይስ ሃርድቶፕ? ዓባይ በረሃ ላይ የሚለየው ጉልበት

መኪና በራሳችሁ ገንዘብ የምትገዙ ከሆነ የቶዮታውን ፒክአፕ፣ ሃይሉክስን፣ ግዙ። ይህን የምለው ሃርድቶፕ እየነዳሁ ቤተሰብ ያስተዳደርኩ፣ መኪናውንም ከልቤ የምወድ ሰው ነኝ። ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ሹፍርና ነው። ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ገንዘብ አጠራቅሞ "የቱ ይሻለኛል?" ብሎ ሲጠይቀኝ ያልኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ሃርድቶፕ ስል ዋን ኤች ዜድ (1HZ) የሚባለው ሞተር ያለውን የቶዮታ ላንድክሩዘር ማለቴ ነው። 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ነው። 130 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው። ሃይሉክሱ ደግሞ ደብል ጋቢና ነው፤ ባለ 2.4 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ቱርቦ ያለው። የእሱ 150 የፈረስ ጉልበት ነው። ልዩነቱ 20 ፈረስ ብቻ ይመስላል። እኛ አገር ግን እንደዚያ አይደለም።

እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት ባሕር ጠለል አካባቢ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ትንፋሽ ያጥረዋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። እንግዲህ ሃርድቶፑ ገና ከግቢ ሳይወጣ ወደ 100 ፈረስ ወርዷል ማለት ነው። ቱርቦው ግን ስሱን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ሃይሉክሱ አብዛኛው ጉልበቱ አብሮት ይወጣል።

ይህ ነገር የናፍጣ መኪና ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሰፈራችን ልጆች ስልካቸው ላይ የፎርድ ሙስታንግ ቪዲዮ ሲያዩ ይውላሉ። የ2018 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል የሆነው ባለ 5.0 ሊትሩ ቪ8 ሙስታንግ 460 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው፤ ቱርቦ ግን የለውም። ደብረ ማርቆስ ቢመጣ በዚሁ ስሌት 350 አካባቢ ይቀረዋል። የዚያው ዓመት ባለ 2.3 ሊትሩ ቱርቦ ሙስታንግ 310 ነው። እዚህ ቢወዳደሩ ትልቁ ማሸነፉ አይቀርም፤ ለትልቁ የተከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ግን አብዛኛው አየር ላይ ቀረ ማለት ነው። ልጆቹ ይህን ስነግራቸው ይናደዳሉ።

አሁን ወደ ዓባይ እንውረድ። ከድልድዩ እስከ ደጀን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ርቀት ከ1,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ሃርድቶፑ ሰውና ዕቃ ጭኖ ሲወጣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ያቃስታል፤ ኩርባው ሲጠብ ሁለተኛ ይፈልጋል። ፊት ለፊታችሁ ሲኖትራክ እየተንፏቀቀ ከሆነ መቅደም አይታሰብም፤ ጭሱን እየጠጡ መከተል ነው። ሃይሉክሱ ላይ ግን መንገዱ ክፍት መሆኑን አይታችሁ ነዳጅ ስትረግጡ ወንበሩ ጀርባችሁን ይገፋዋል። ሙሉ የመጎተት ኃይሉን (ቶርክ የሚባለውን) ሞተሩ 2,000 ዙር ሳይሞላ ይሰጣል። ማርሽ ሳትቀይሩ ቀድማችሁ ትገባላችሁ። እኔ ይህን የፍጥነት ጉዳይ አድርጌ አላየውም። በተቃራኒው መስመር የምትቆዩበት ጊዜ አጠረ ማለት ነው፤ ዓባይ በረሃ ላይ ደግሞ ሰው የሚያልቀው እዚያ መስመር ላይ ነው።

መውረዱ ላይ ሃርድቶፑን አደንቃለሁ። ከጎሐ ጽዮን ስትወርዱ ሁለተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ልቀቁት፤ ያ ትልቅ ሞተር መኪናውን ይዞ ያወርደዋል። ፍሬን የሚነካው ኩርባ ላይ ብቻ ነው። ሃይሉክሱም በማርሽ ይያዛል፣ ግን ሲጫን እግር ፍሬን ላይ ይበዛል። መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱ ወጣ ገባ የሆነባቸው ቦታዎችም ላይ ሃርድቶፑ ግድ የለውም።

ጮቄ ተራራ ሌላ ዓለም ነው። በክረምት ረቡዕ ገበያን አልፎ ድንች ለመጫን የሄደ ሰው ያውቀዋል። ጭቃው ጥቁር ነው፣ ይይዛል። ሃርድቶፕ እዚያ ቀስ ብሎ፣ ሳይፈራ ያልፋል፤ ጉልበት ቢያንሰውም ከባዱን ማርሽ አስገብቶ የማይወጣው ነገር የለም። ሃይሉክሱም ያልፋል፤ መንገድ መምረጥ ግን ይፈልጋል። ሥራችሁ ዓመቱን ሙሉ እዚያ ላይ ከሆነ ምክሬን ተዉት፣ ሃርድቶፕ ግዙ።

ምቾት ላይ ብዙ የሚባል የለም። ሃርድቶፕ ኋላ በጎን ወንበር የተቀመጠ ሰው ሉማሜ ሳይደርስ ያቅለሸልሸዋል። ሃይሉክስም ባዶውን ሲሄድ በባሌስትራው ምክንያት ይዘላል፣ ግን ሰው ከሰው ጋር እያወራ ይደርሳል።

ወጪውስ? በእጄ ሃርድቶፑ በሊትር ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። ሃይሉክሱ በደህና አነዳድ 10 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ለሚመላለስ ሰው ይህ በዓመት ትልቅ ገንዘብ ነው። ሃይሉክሱ የሚፈራው ናፍጣን ነው። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ሲስተም ረቂቅ ስለሆነ በጀሪካን የሚሸጥ፣ ውኃ የገባበት ነዳጅ ያበላሸዋል፤ ጥገናውም ውድ ነው። ዋን ኤች ዜድ እንዲህ ያለውን ይችላል፤ የገጠር መካኒክም በመፍቻ ይፈታዋል። ስለዚህ ሃይሉክስ የገዛ ሰው የናፍጣ ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ ይቀይር፣ ውኃውንም ያፍስስ። በዚህ ላይ ቁጠባ አይሠራም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚጠይቀኝ በዝቷል። ሞተሩ አየር ስለማይፈልግ ከፍታ ጉልበቱን አይነካውም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ባትሪውን ይሞላል። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ወዲያ ወዲህ ለሚል ሰው ጥሩ ነው። ለሞጣና ለብቸና ገጠር መንገድ ግን እኔ ዛሬ አልገዛውም።

ያገለገለ ሃይሉክስ የምታዩ ከሆነ ሻጩ ከተማ ውስጥ አዙሮ ብቻ እንዳይመልሳችሁ። ሞተሩ ሳይሞቅ ራሳችሁ አስነሱት። ከዚያ ረጅም ዳገት ላይ አራተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ርገጡ። ጥቁር ጭስ ከበዛ፣ ቱርቦው በኃይል ካፏጨ ወይም የሙቀቱ ቀስት ከመሃል ካለፈ ዋጋ አትደራደሩ፤ ቁልፉን መልሱለት።