ለደሴዋ የጥርስ ሐኪም፣ ከኮምቦልቻው በር ሠሪ

ኮምቦልቻ ውስጥ የብረት በርና መስኮት የምሠራ ሰው ነኝ። መጻፍ አላዘወትርም። ዛሬ ግን አንዲት የጥርስ ሐኪም ሳላመሰግን ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ለነገሩ እንቅልፉንም የመለሰችልኝ እርሷ ናት።

የታችኛው መንጋጋዬ ሁለት ወር አሠቃየኝ። ባለቤቴ ቅርንፉድ፣ ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ወዳጄ ደግሞ አረቄ አዘዙልኝ። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ አፌን በቅጡ ሳያዩ «ይነቀል» አሉኝ። አባቴ እንዲሁ አንድ በአንድ እያስነቀለ በ50 ዓመቱ ቆሎን የተሰናበተ ሰው ነበርና እምቢ ብዬ ወጣሁ። ሁለተኛው ባሰ። ባለሙያው ስልክ እያወራ ነርቩን «ገደልኩት» አለኝ፤ ደፈነና ገንዘቡን ተቀበለ። በሦስተኛው ቀን ጉንጬ እንደ ዳቦ ተነፋ። ተመልሼ ስሄድ «ችግሩ ያንተ ጥርስ ነው» አለኝ፤ «አንተ» ማለቱንም ልለፈው። እኔ የሠራሁት በር አልዘጋ ቢል «ችግሩ ግድግዳህ ነው» ብዬ ደንበኛ እመልሳለሁ?

ጉንጬን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ ደሴ ወጣሁ። ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሁሉ ጥርሴ ውስጥ ነበር የሚዞረው።

ሐኪሟ ልጄ ልትሆን ትችላለች። ራጅ አንሥታኝ «ጋሼ፣ አይነቀልም፣ ይድናል» አለችኝ፤ ዋጋውንም ሳትጀምር ቁርጡን ነገረችኝ። አደንዝዛ፣ ጥርሱን ብቻ አስቀርታ አፌን በስስ ላስቲክ ሸፈነችው። ከዚያ ያወጣቻቸውን መሣሪያዎች ሳይ ሕመሜን ረሳሁት። ሞረዶች ናቸው! እጀታቸው ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። ነጩ 15 ቁጥር ነው፣ ጫፉ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው አለችኝ። ሞረድ ይዤ ነው ያረጀሁት፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየሁም። በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ የላስቲክ ቀለበት አለ፤ ሞረዱ በጥርሱ ሥር ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ቀዳዳዎች ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ ለክታ የምታቆምበት ምልክት ነው። እኔም ግድግዳ ስበሳ መሰርሰሪያው ላይ ፕላስተር እጠመጥማለሁ! የቀረው አልገባኝም። የድሮ የእጅ ሰዓት እንደሚሞላ ሰው በጣቶቿ ወዲያና ወዲህ ታዞራለች፣ ታወጣለች፣ ትጠርጋለች፣ በረኪና በረኪና በሚሸት ፈሳሽ ታጥባለች፣ እንደገና ታስገባለች።

ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ሞረዱ ያዘ። አልገፋችውም። አውጥታ ወደ መብራቱ አቀረበችው፤ ጥምዝምዙ ትንሽ ተፈትቷል። ሳታቅማማ ጣለችውና «ይቅርታ ጋሼ፣ ወደ ቀጭኑ ልመለስ ነው፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አለችኝ። ለጥንቃቄው ይቅርታ የሚጠይቅ ባለሙያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ሲይዝ አትግፋ» እያልኩ ረዳቶቼ ላይ ዓመት ሙሉ እጮሃለሁ፤ እኔ ራሴ በጥድፊያ የሰበርኩት መሰርሰሪያ ስፍር ቁጥር የለውም። አፌ ባይሸፈን እዚያው እመርቃት ነበር።

በሳምንቱ ደፍና ጨረሰችው። የቀረኝ ጥርሱ ላይ የሚደረገው ሽፋን ብቻ ነው፤ እስከዚያ በዚያ በኩል ቆሎ እንዳልነካ አስጠንቅቃኛለች፤ በጭንቅም ቢሆን እያከበርኩ ነው።

እባካችሁ፣ ከማስነቀላችሁ በፊት እርሷ ትያችሁ። እደግመዋለሁ፣ እርሷ ትያችሁ! ስሟን ሳላስፈቅዳት አደባባይ አላወጣም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ማክሰኞ ለሽፋኑ እወጣለሁ። ጥርሱን የሚያመው ካለ ጠዋት 1 ሰዓት ኮምቦልቻ መናኸሪያ ይጠብቀኝ፤ አብረን እንሄዳለን።