ዩር-ሌክስ፦ የተሻሻለ የዓሣ ማስገር ስምምነት ሲፈለግበት

የአውሮፓ ኅብረት የሕግ ቋት ዩር-ሌክስ አገልግሎቱ ነጻ ነው። ለማንበብ ምዝገባ አይጠይቅም፤ ጽሑፉን በኅብረቱ 24 ቋንቋዎች ያስቀምጣል፤ ሦስቱን ጎን ለጎን አሰልፎ ማንበብም ይቻላል። ለአንድ ደንብ ከዚህ የተሻለ ቋት ማግኘት ይከብዳል። ኅብረቱ ከሌላ አገር መንግሥት ጋር የተፈራረመው፣ ኋላም የተሻሻለ የዓሣ ማስገር ስምምነት ሲፈለግበት ግን ግማሹን ሥራ ለፈላጊው ይተወዋል።

ምሳሌው የሲሸልስ ስምምነት ይሁን። በ2020 ሲታደስ ኅብረቱ ለስድስት ዓመት በየዓመቱ 5.3 ሚሊዮን ዩሮ ሊከፍል ተስማማ፦ 2.5 ሚሊዮኑ መርከቦቹ ቱና እንዲያጠምዱ፣ 2.8 ሚሊዮኑ ለሲሸልስ የዓሣ ዘርፍ ድጋፍ። ለክፍያው ስሌት መነሻ የተደረገው የቱና መጠን በዓመት 50,000 ቶን ስለሆነ የመጀመሪያው ክፍያ በቶን 50 ዩሮ ይደርሳል፤ የመርከብ ባለቤቶች የሚከፍሉት ለብቻው ነው። እነዚህን ቁጥሮች በስምምነቱ ዋና አካል ውስጥ የፈለገ አያገኛቸውም። ዋናው አካል የያዘው መርሆቹን ነው። ገንዘቡና መጠኑ ዝርዝሩን በያዘው ተያያዥ ሰነድ ማለትም በፕሮቶኮሉ፣ የፈቃድ አሰጣጡና የተያዘው ዓሣ አመዘጋገብ በአባሪው ተጽፏል። ስለዚህ ማሻሻያው የነካው የትኛውን ክፍል እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

በፍለጋ ሳጥኑ ላይ የአገሩን ስምና «ዓሣ» የሚለውን ቃል ብቻ መጻፍ የኮሚሽን ሐሳቦችንና የፓርላማ ጥያቄዎችን ጭምር ያግተለትላል። የሚያዋጣው ቋቱ ለእያንዳንዱ ሰነድ በሚሰጠው መለያ፣ በሴሌክስ ቁጥር መፈለግ ነው። የሲሸልሱ 22020ኤ0228(01) ነው፤ «ኤ» ሲጻፍ የላቲኑ የመጀመሪያ ፊደል ይሆናል። የፊተኛው 2 ዓለም አቀፍ ስምምነት መሆኑን፣ 2020 ዓመቱን፣ 0228 በኅብረቱ ኦፊሴላዊ ጋዜጣ የወጣበትን ቀን ማለትም ፌብሩዋሪ 28ን ያመለክታል። ስምምነቱ ያቋቋመው የጋራ ኮሚቴ የሚወስናቸው ማሻሻያዎች በ«ኤ» ፈንታ «ዲ» ይይዛሉ፤ ብዙ ሰው የሚያልፋቸውም እነሱን ነው። በ3 የሚጀምረው የኅብረቱ ምክር ቤት ውሳኔ ደግሞ ሌላ ሰነድ ነው፦ ኅብረቱ እንዲፈርም ወይም እንዲያጸድቅ የተላለፈ እንጂ ስምምነቱ ራሱ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ቀን ነው። ስምምነቱ ከተፈረመበት ዕለት ጀምሮ በጊዜያዊነት ሊሠራ ይችላል፤ የሚጸናው ግን የአውሮፓ ፓርላማ ተስማምቶ ሁለቱ ወገኖች ሥርዓታቸውን መጨረሳቸውን ከተነጋገሩ በኋላ ነው። የጸናበት ቀን በጥቂት መስመር ማስታወቂያ፣ በራሱ ቁጥር ለብቻ ይወጣል።

የማራዘሚያ ነገር ደግሞ ይብሳል። የሞሪታኒያው ፕሮቶኮል በኖቬምበር 2019 ሊያበቃ ሲል በደብዳቤ ልውውጥ ለአንድ ዓመት፣ ከዚያም ለሌላ አንድ ዓመት ተራዘመ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ብቻ ያነበበ ሰው በሥራ ላይ የነበረውን ፕሮቶኮል ጊዜው አልፎበታል ብሎ ይደመድማል።

በነጋሪት ጋዜጣ ዋናውን አዋጅና ማሻሻያውን ጎን ለጎን ዘርግቶ ማንበብ የለመደ የሕግ ባለሙያ የዩር-ሌክስን የተጠቃለለ ጽሑፍ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ማሻሻያው በቦታው ገብቶ ይነበባልና። ነገር ግን ይህ ጽሑፍ ለመረጃ ብቻ የቀረበ፣ ሕጋዊ ውጤት የሌለው መሆኑን ራሱ ከላይ ይናገራል። ሊጠቀስ የሚገባው በኅብረቱ ኦፊሴላዊ ጋዜጣ ላይ የወጣው ነው።

ሰነዱ በሥራ ላይ መሆን አለመሆኑን የምታሳየው፣ ከርዕሱ አጠገብ ያለችው አረንጓዴ ወይም ቀይ ምልክትም ብቻዋን አትበቃም። በሞሮኮ ጉዳይ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በኦክቶበር 4 ቀን 2024 ባጸናው ፍርድ የተሻረው ከሞሮኮ ጋር የተደረገውን የዓሣ ማስገር ስምምነት ያጸደቀው የምክር ቤቱ ውሳኔ 2019/441 ነው፤ ምክንያቱም ስምምነቱ ባሕሩን ያካተተበት የምዕራብ ሰሃራ ሕዝብ ፈቃድ አለመገኘቱ ነበር። ፕሮቶኮሉ ግን ከዚያ በፊት በጁላይ 2023 ጊዜው አብቅቶ ነበር። ሁለቱን አገናኝቶ ለመረዳት የስምምነቱንም የውሳኔውንም ገጽ ከፍቶ፣ የሰነዱ መረጃ በሚለው ክፍል ከሌሎች ሰነዶች ጋር ያለውን ግንኙነት ማየት ግድ ይላል።

ለትክክለኛነቱ ከአምስት አራት ይገባዋል፤ ለአፈላለጉ ከሦስት አይበልጥም። አንድን ስምምነት በየጊዜው ለሚከታተል በነጻ ተመዝግቦ ፍለጋውን ማስቀመጥና የአዲስ ሰነድ ማሳወቂያ ማብራት ይጠቅመዋል። ፍለጋው ሲቀመጥ በ2 የሚጀምሩትንም በ3 የሚጀምሩትንም ማካተት አለበት፤ አለዚያ የጋራ ኮሚቴው ማሻሻያ ወይም የምክር ቤቱ ውሳኔ ሳይታይ ያልፋል።