የነገረ መለኮት ማስተርስ፦ አዲስ አበባ ሄዶ ወይስ ከውጭ በኦንላይን?

ደብረ ብርሃን ላይ አብረውኝ በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግሉ ልጆች ይህን ደጋግመው ይጠይቁኛል። መልሴ አዲስ አበባ ነው። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ።

መጀመሪያ የተመዘገብኩት በኦንላይን ነበር። መግቢያው ቀላል ነው። የዲግሪዬን ፎቶ በስልክ አንስቼ ላክሁ፤ በ2 ቀን ተቀበሉኝ። የድጋፍ ደብዳቤ አልጠየቁኝም፣ ፈተናም የለም። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ክፍያው 1,200 ዶላር፣ በ3 ዙር። አሜሪካ ያለችው እህቴ ትከፍልልኛለች፤ እኔ በባንክ ምንዛሪ አስልቼ ለእናታችን እሰጣለሁ። የመጀመሪያው 400 ዶላር 23 ሺህ ብር አልሞላም። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ግን ሁለተኛው 45 ሺህ አለፈ። ያን ጊዜ ደንግጬ ስለ ዕውቅናቸው መጠየቅ ጀመርኩ። የሚጨበጥ መልስ አጣሁ። ዕውቅና የሌለው ተቋም ወረቀት ደግሞ የአቻ ግምት አያገኝም፤ ማለትም እዚህ አገር እንደ ማስተርስ አይቆጠርም። ሦስተኛውን ሳልከፍል አቆምኩ። ወደ 68 ሺህ ብር እንዲሁ ቀረ።

ዕውቅና ያለው የውጭ ትምህርት ቤት የለም ማለቴ አይደለም። እሱ ግን ብዙ ጊዜ ቶፍል የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ይጠይቃል፤ የቶፍል ውጤት የሚያገለግለው 2 ዓመት ብቻ ነው። ካለፈ እንደገና በዶላር መፈተን ነው።

አዲስ አበባ ያመለከትኩበት ጠበቅ ይላል። ዋናው ዲግሪ፣ ከአጥቢያና ከሀገረ ስብከት የድጋፍ ደብዳቤ፣ ለምን መማር እንደፈለግሁ የሚገልጽ ጽሑፍ፣ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ። ሀገረ ስብከቱ እዚሁ ደብረ ብርሃን ስለሆነ ለእኔ ቀላል ነበር። ከመሐል ሜዳ ለሚመጣ ግን የመኪናና የአልጋ ወጪ አለው። ስለዚህ የሀገረ ስብከቱ ሥራ አስኪያጅ መኖራቸውን ደውላችሁ ሳታረጋግጡ አትነሱ።

ኪስ የሚጎዳው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው፤ የተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ ራሱ የሚልከው የውጤት ማስረጃ ማለት ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኮስት ሼሪንጉን (የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳውን) ከፍሎ ካልጨረሰ ሬጅስትራሩ አይልክለትም። ሌላው ሁሉ ተሟልቶ በዚህ ብቻ ዓመት ያለፈበት ጓደኛ አለኝ።

የፕሮግራሙን ስምም ልብ በሉ። ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ አብዛኛውን ጊዜ በየትኛውም ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ይቀበላል፤ 3 ዓመት ገደማ ይወስዳል። ማስተር ኦፍ ቲዎሎጂ ግን ቀድሞ ነገረ መለኮት ያጠናን ይፈልጋል። አካውንቲንግ የተማረ ወንድማችን ለሁለተኛው አመልክቶ የማመልከቻው ብር እንዲሁ ቀረበት። አይመለስም።

መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ቅዳሜ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ላምበረት እወርዳለሁ፣ እሑድ ማታ እመለሳለሁ። ይደክማል። ትራንስፖርቱን፣ ምሳውን፣ ዘመድ ቤት ይዤ የምሄደውን ዳቦ ሳይቀር ደምሬዋለሁ፤ የአንድ ዓመቱ በኦንላይኑ ከከሰርኩት ያነሰ ነው። ለዚያውም እዚህ መምህሩን ፊት ለፊት ተቀምጬ እጠይቃለሁ።

የእኔ ትራንስክሪፕት እስኪላክ 2 ወር ፈጅቷል። ምዝገባው ነሐሴ ከሆነ ግንቦት ላይ ሬጅስትራር ሂዱ።