ከወለድኩ በኋላ የገዛሁት የግፊት መለኪያ፦ ከዓመት በላይ ከተጠቀምኩበት በኋላ

የዛሬ ዓመት ከአራት ወር ልጄን ወለድኩ። ከዚያ ወዲህ ከስልኬ ቀጥሎ እጄ የማይለየው ዕቃ የግፊት መለኪያዬ ነው። ብዙ እናቶች በውስጥ መስመር "የትኛውን ልግዛ?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

መጀመሪያ እንዴት ቤቴ እንደገባ። እርግዝናዬ ደህና ነበር። እስከ ሰባተኛው ወር ድረስ ክትትል በሄድኩ ቁጥር ግፊቴ 110 በ70 ነው የሚጻፍልኝ። በ34ኛው ሳምንት ፊቴ አበጠ፣ ቀለበቴ አልወልቅ አለኝ፣ ግንባሬን የሚወቅር ራስ ምታት ያዘኝ። የእርግዝና ድካም መስሎኝ ሁለት ቀን ተኛሁበት። በሦስተኛው ቀን ስሄድ 164 በ112። ሽንቴ ውስጥም ፕሮቲን ተገኘ። ፕሪኤክላምፕሲያ ነው አሉኝ፣ በእርግዝና የሚመጣ፣ ግፊትን ከፍ አድርጎ ሌላውንም የሰውነት ክፍል የሚጎዳ ሕመም። እንዳያንቀጠቅጠኝ ማግኒዥየም ተሰጠኝ፣ ሲገባ ሰውነቴ እንደ እሳት ጋለ፣ ልጄም ቀኗ ሳይደርስ ተወለደች። ሁለታችንም ተረፍን፣ ተመስገን።

ስወጣ የተነገረኝ አንድ ነገር ነው፦ "ወልደሻል፣ አሁን አለቀ።" አላለቀም። አራስ ሆኜ በአሥረኛው ቀን ያ ራስ ምታት ተመለሰ። ጎረቤታችን ያለችው አዋላጅ ነርስ መጥታ ስትለካኝ 150 በ100 ሆነ። ከወሊድ በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሊመጣ እንደሚችል የሰማሁት ያን ቀን፣ ከእሷ ነው። ለምን ሆስፒታል አልጋ ላይ እያለሁ አልተነገረኝም ብዬ እስካሁን ይቆጨኛል።

ባለቤቴ በማግስቱ ገዝቶ የመጣው እንደ ሰዓት የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ነው። ሻጩ "ለእናቶች ቀላል ነው" ብሎታል። አትግዙት። እጄን ጭኔ ላይ ሳሳርፍ 151 ይለኛል፣ ወዲያው ደረቴ ጋ ከፍ ሳደርገው 129። ነገሩ እውነት ነው፣ የሚለካው ቦታ ከልብ ዝቅ ሲል ቁጥሩ ይጨምራል፣ ከፍ ሲል ይቀንሳል። ሕፃን ታቅፎ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ እጁን በትክክል ልቡ ትይዩ ይዞ አይቀመጥም። መልሰን ተክለሃይማኖት አካባቢ ካሉት የሕክምና ዕቃ መደብሮች ክንድ ላይ የሚታሰረውን ገዛን። አሁን የምመሰክርለት እሱን ነው።

ቁጥሮቹ ትልልቅ ናቸው፣ ሌሊት መብራት ሳላበራ በስልኬ ብርሃን አነባቸዋለሁ። ሲነፋ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ልጄን ቀስቅሶብኝ አያውቅም። በአራት ባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ አያሳስብም። የሁለት ሰው ልኬት ለየብቻ ያስቀምጣል፣ ሁለት ቁልፍ አለው። ይህች ሁለተኛ ቁልፍ ምን እንደሠራች ኋላ እነግራችኋለሁ። የማልወድለት ነገር ባትሪ ስቀይር ቀኑና ሰዓቱ መጥፋቱ ነው፣ ስለዚህ ሁሉንም በደብተር እጽፋለሁ። የአጠቃቀም መመሪያው ላይ አንዲት የአማርኛ ቃል የለም። ይሄ ለእናት የሚሸጥ ዕቃ ነው፣ በእንግሊዝኛ ብቻ መጻፉ ልክ አይደለም።

ትልቁ ጉዳይ ግን ማሰሪያው ነው። የኔ ክንድ ዙሪያው 21 ሴንቲሜትር ነው፣ ከሳጥኑ ጋር የመጣው ማሰሪያ "ከ22 እስከ 32" ይላል። አንድ ሴንቲሜትር ምን ያደርጋል ብዬ ለወር ያህል ተጠቀምኩበት። በ2023 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ይህንኑ ለክቷል፦ ቀጭን ክንድ ላይ መደበኛውን ማሰሪያ ሲያስሩ የላይኛው ቁጥር በአማካይ 4 ያህል ቀንሶ ወጣ፣ በጣም ወፍራም ክንድ ላይ ሲያስሩት ደግሞ ወደ 20 የሚጠጋ ጨምሮ አሳየ። ማለትም አንዷ ሴት ሳይኖርባት መድኃኒት ልትጀምር ትችላለች፣ ሌላዋ ደግሞ ኖሮባት "ደህና ነሽ" ትባላለች። ትንሹን ማሰሪያ ለብቻው አስፈልጌ ገዛሁ። ሱቅ ስትሄዱ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ ከትከሻና ከክርን መሀል ክንዳችሁን ለኩ።

የብራንዱን ስም አልጠራም፣ በየሱቁ የሚገኘው ስለሚለያይ። ስትራይድ ቢፒ የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ ተፈትነው ያለፉ መለኪያዎችን ይዘረዝራል፣ ለነፍሰ ጡር የተፈተኑትን ለብቻ አውጥቶ ነው የሚያስቀምጠው። የሚሸጡላችሁን ሞዴል እዚያ ፈልጉት። ብዙ ማሽን ጤነኛ ሰው ላይ በትክክል ይሠራና ፕሪኤክላምፕሲያ ያለባት ሴት ላይ ሲሆን ዝቅ አድርጎ ይለካል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ክሬድል የሚባል መለኪያ አለ፣ የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ሰዎች ያመጡት፣ እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሚያበራ። በስምንት አገሮች ሲሞከር ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዷ አዲስ አበባ ነበረች። ቁጥር ማንበብ ለሚያስቸግራት ሴት ቀይ መብራት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በየጤና ጣቢያው ባየው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደሚጠይቁኝ ጥያቄ ልምጣ፦ "ግፊትሽ ከወረደ ምነው አሁንም ትለኪያለሽ?" መድኃኒቱን ያቆምኩት በአራተኛው ወር ነው። ዶክተሯ ያን ቀን፣ "ይህን እርግዝና ለሚያክምሽ ሐኪም ሁሉ እስከ ዕድሜ ልክሽ ተናገሪ" አሉኝ። ለምን ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። በ2007 የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሴቶችን የያዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ አለ። ፕሪኤክላምፕሲያ የነበረባቸው ሴቶች ከዓመታት በኋላ በልብ ደም ሥር መጥበብ የመታመም ዕድላቸው ከሌሎቹ በእጥፍ ይበልጣል፣ የደም ግፊት ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ደግሞ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። በ2017 የወጣ ሌላ ማጠቃለያ የልብ ድካምን አራት እጥፍ አድርሶታል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2011 መመሪያው ይህን ታሪክ ከልብ ሕመም አጋላጮች ተርታ አስገብቶታል፣ በእርግዝና የመጣ ስኳርንም እንዲሁ። በ2021 ደግሞ ያለጊዜው መውለድን ጨምሮ ሌሎቹን የእርግዝና ችግሮች አንድ ላይ አድርጎ መግለጫ አወጣበት።

ሳነበው ሌሊቱን አልተኛሁም። ስለዚህ ለእናንተ ቀስ አድርጌ ልበለው። እጥፍ የተባለው በሠላሳ ዓመት ዕድሜ ትንሽ የሆነ ቁጥር እጥፍ ነው፣ ፍርድ አይደለም። እርግዝናው ቀድሞ የነበረን ድክመት ያጋልጣል ወይስ ራሱ የደም ሥርን ጎድቶ ያልፋል የሚለውን ተመራማሪዎቹ እስካሁን ይከራከሩበታል፣ ምናልባት ሁለቱም ነው።

ደስ ያለኝ የኦክስፎርዶቹ ጥናት ነው። 2023 ላይ ወጣ። እርግዝናቸው በግፊት የተረበሸ 220 ሴቶችን ከወሊድ በኋላ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ቤታቸው እየለኩ በስልክ ይልካሉ፣ ሐኪሞች እያዩ መድኃኒቱን ያስተካክላሉ። ሌሎቹ በተለመደው ክትትል ቀጠሉ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ቤታቸው የለኩት የላይኛውም የታችኛውም ቁጥራቸው በ6 ነጥብ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። እንደኔ ያለ ማሽን፣ እንደኔ ባሉ አራሶች ቤት! ግን ልብ በሉ፣ የሠራው ማሽኑ ብቻውን አይደለም፣ ከጀርባ የሚያይ ሐኪም ነበር። እኔ የደብተሬን ፎቶ በየሳምንቱ በቴሌግራም ለዶክተሯ እልክ ነበር፣ እሳቸውም ይመልሱልኝ ነበር። ሐኪም ከሌለው ማሽኑ ጭንቀት ብቻ ነው የሚሆነው።

አለካኬ እንዲህ ነው። ጠዋትና ማታ። ቡና ከጠጣሁ ግማሽ ሰዓት አሳልፋለሁ። ሽንት ቤት ደርሼ፣ ጀርባዬን ደግፌ፣ እግሬን ሳላነባብር አምስት ደቂቃ ዝም እላለሁ። ክንዴን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ሁለት ጊዜ፣ በደቂቃ ልዩነት። ልጅ ታቅፎ ወይም እያወሩ መለካት ቁጥሩን አይለውጠውም ብላችሁ አትመኑ፣ ይጨምረዋል። 160 በ110 ካያችሁ፣ ወይም ዓይናችሁ ከደበዘዘ፣ ከቀኝ ጎድናችሁ ሥር ካመማችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ደጋግማችሁ ስትለኩ አትዋሉ። ሂዱ።

ሁለተኛዋ ቁልፍ። እናቴ ልታርሰኝ ከደሴ መጥታ ነበር። አንድ ማታ ማሰሪያውን እያሰርኩ ስለ ሕመሙ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ "ታናሽ ወንድምሽን ስወልድ እኮ አንዘፍዝፎኛል" አለች። የሰፈሩ ሰው መጋኛ መታት ብሎ ነበር። እግሯ እንዴት አብጦ እንደነበር፣ ለሁለት ቀን ራሷን እንዳላወቀች፣ ሁሉን ነገረችኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ጠይቋት የሚያውቅ ሐኪም የለም። የእናት ታሪክ ልጇን በዚህ ሕመም የመያዝ ዕድል ይጨምራል፣ ግን እኔም በክትትል ጊዜ ስለ እናቴ አልተጠየቅኩም። ብጠየቅና እናቴን ብጠይቃት ኖሮ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ ትንሿን አስፕሪን በሐኪም ትዕዛዝ እወስድ ነበር፣ ለተጋላጭ እናቶች የሚሰጠውን።

ማሰሪያውን ከኔ ክንድ ፈትቼ፣ ትልቁን ቀይሬ ለእሷ አሰርኩላት። 168 በ96። አምስት ደቂቃ ቆይተን ደገምን፣ 166 በ94። ምንም አያመኝም ትል ነበር። በሳምንቱ የልብ ሐኪም አየቻት፣ መድኃኒት ጀመረች። ለደሴው ቤት ሌላ ማሽን እስክገዛላት ድረስ ልጄን እየጠበቀች እዚሁ ነች፣ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድማ ተነስታ ሁለተኛዋን ቁልፍ ትጫናለች። ዛሬ 134 በ82 ብላ በእጇ ጽፋ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትታልኛለች።