ትንሿ የጠረጴዛ ቶርኖ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህችን ቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያሽከረከረች የምትቆርጥ ማሽን፣ የገዛሁት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። በኢንች መጠናቸው 7 በ14 ከሚባሉት የቻይና ሥሪቶች አንዷ ናት፤ በልዩ ልዩ ስምና ቀለም ይሸጣሉ እንጂ ንድፋቸው ተቀራራቢ ነው። 180 ሚሊሜትር ያህል ስፋትና 350 ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዕቃ ታስተናግዳለች። በተራ ሶኬት ትሠራለች። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማብሪያው እንደገና ካልተጫነ አትነሣም፤ እንደኛ ሰፈር መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ጣትን ያድናል።

እንደመጣች ወዲያው ለሥራ አትሆንም። ተንሸራታች ክፍሎቿ ላልተው ነበር። የኋላ መደገፊያዋም ከመስመር ወጥቶ ስለነበር ረጅም ዘንግ ስትቆርጥ አንዱን ጫፍ ታቀጥነው ነበር። ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ለክቶ ማስተካከል የገዢው ዕዳ ነው። በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ያንሳታል፤ ብረት ቆርጣ ስትለያይ ደግሞ ትንቀጠቀጣለች። ማርሾቿ ፕላስቲክ ናቸው። በብረት ተካቸው ያሉኝን አልሰማሁም፤ አንድ ነገር ሲጋጭ ቀድሞ የሚሰበረው ርካሹ ቢሆን ይሻላል።

እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ ለዓመታት ሥራዬ በኮምፒውተር ላይ ንድፍ መሣል ነበር። 6203 ለሚባለው ኩሽኔታ (ዘንግ ይዞ በቀላሉ የሚያዞር ቀለበት) የሚሆን የ17 ሚሊሜትር ዘንግ ስሥል ከቁጥሩ ጎን ኬ6 ብዬ አልፋለሁ። ትርጉሙ ዘንጉ ከ17 ሚሊሜትር ቢያንስ በ1፣ ቢበዛ በ12 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ይብለጥ ማለት ነው። በዚህች ቶርኖ ላይ ግን የመዘውሩ አንዲት ሰረዝ ብቻዋን 20 ማይክሮን ናት። ስለዚህ ጥቂት አስቀርቼ እቆርጥና የቀረውን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እጨርሳለሁ። ያውም ዘንጉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ነው፤ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ የጨመረ ብረት በዚህ ውፍረት 10 ማይክሮን ገደማ ይፋፋል፣ የተፈቀደልኝን ልዩነት ሊጨርሰው ምንም አይቀረውም። ኩሽኔታው በትንሽ ግፊት ገብቶ ቀጥ ሲል የሚሰማኝ ደስታ የትኛውም የጸደቀ ንድፍ ያልሰጠኝ ነው። አሁን ቢሮ ውስጥ ኬ6 ከመጻፌ በፊት በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

ብረቱን የምገዛው መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። ከአሮጌ መኪና የወጣ ዘንግ ዓይነቱ ስለማይታወቅ አንዱ እንደ ቅቤ ይላጣል፣ ሌላው መቁረጫውን ያደንዘዋል። ይህም ቢሆን ከሥራው ጣዕም አንዱ ሆኖልኛል፤ ሚስቴ ግን በረንዳው ላይ የተከመረውን ብረት ስታይ በዚህ አትስማማም።

ለገበያ የሚሠራ ሰው ይህችን አይግዛ፤ ያገለገለ ትልቅ ቶርኖ ይሻለዋል። እንደ እኔ ቅዳሜውን በእጁ ሥራ ማሳለፍ ለሚፈልግ ግን እመክራለሁ። ዋጋ ስትከራከሩ መለዋወጫ ማርሾች እንዲጨመሩላችሁ ጠይቁ፤ በኋላ ማግኘቱ ያለፋል።