ለፒያሳዋ ፋርማሲስት፣ ከልብ እናመሰግናለን

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ወጣት ፋርማሲስት አለች። ሳላስፈቅዳት ስሟን አልጽፍም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ ቤቱን እጠቁመዋለሁ።

እናቴን ቃር ካስቸገራት ቆይቷል። ሐኪም ኦሜፕራዞል አዘዘላት። መጀመሪያ የገዛንበት ቤት «በቀን አንድ» ብሎ ሰጠን፣ በቃ። እሷም እራቷን በልታ ስትጨርስ ትውጠው ነበር። ለውጥ ግን የለም። ሌሊት ደረቷን እያቃጠላት ቁጭ ብላ ታነጋለች።

መድኃኒቱ ሲያልቅ ወደዚች ልጅ ሄድን። ገና ወረቀቱን ሳታይ «እማማ፣ በስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት?» አለቻት። ከኋላችን ሰው ተሰልፏል፤ እሷ ግን አልቸኮለችም። ጨጓራ ውስጥ አሲድ የሚያመነጩ ጥቃቅን ፓምፖች አሉ፤ ኦሜፕራዞል የሚዘጋው ሥራ ላይ ያሉትን ነው፤ የሚያስነሳቸው ደግሞ ምግብ ነው አለቻት። ስለዚህ መድኃኒቱ ቀድሞ ደም ውስጥ ገብቶ መጠበቅ አለበት። ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ። እናቴ አሁን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ትውጣለች፣ ቁርሷ ከ1:30 በኋላ ነው። ካፕሱሉ አይታኘክም፣ ተከፍቶም አይፈጭም፤ የውስጡ ፍሬዎች ከአሲድ የሚከላከል ሽፋን አላቸው። ሙሉ ኃይሉ የሚታየውም ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሆነ «በመጀመሪያው ቀን ተስፋ እንዳይቆርጡ» ብላ አስጠነቀቀቻት። እውነትም ቆየት ብሎ ሌሊቱ ተሻላት።

እኔን በጣም ደስ ያለኝ የጾሙ ነገር ነው። እናቴ ረመዷንን አንስታ ጠየቀች። ወይ ከሱሁር ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይውሰዱ፣ ወይ ሲያፈጥሩ በውሃ ውጠው፣ መግሪብ ሰግደው ከዚያ ወደ ምግቡ ይሂዱ አለቻት። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙት ጎረቤታችንም ሄደው ጠይቀዋታል። በ9 ሰዓት ውጠው ምግቡን ግማሽ ሰዓት እንዲያቆዩት ነገረቻቸው። ይህን የጠየቀም ያስረዳም ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመንም።

ሁሉም የጨጓራ መድኃኒት ግን በዚህ ሰዓት አይሄድም። ፋሞቲዲን ማታ ከመኝታ በፊት ሊወሰድ ይችላል። የሚታኘኩትና ፈሳሾቹ የአሲድ ማስታገሻዎች ቶሎ ያበርዳሉ፣ ቶሎም ያልቃሉ፤ ከምግብ በኋላ ነው የሚወሰዱት፣ ከሌሎች መድኃኒቶችም ወደ 2 ሰዓት ያህል መራቅ አለባቸው። ለልብ ክሎፒዶግሬል የሚወስድ ሰው ደግሞ ኦሜፕራዞል ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ምግብ ለመዋጥ ከተቸገሩ፣ ደም ካስመለሰዎት ወይም ሰገራዎ ከጠቆረ እኔ ጋ ሳይሆን ቀጥታ ሆስፒታል ይሂዱ አለቻት። እናቴ እዚያው ቆማ ዱዓ አደረገችላት።

ከኮምቦልቻም መድኃኒት ልትገዙ የምትመጡ ጎራ በሉ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ አይታ ነው የምትመክራችሁ።