የአራስ ልጅ ፎቶ ለማስነሳት ቀብድ ልትከፍሉ ላሰባችሁ ወላጆች

በአዲስ አበባ ልጃቸው ገና ሳይወለድ ለፎቶ ቀብድ እንዲከፍሉ የሚጠየቁ ወላጆች እየበዙ ስለሆነ፣ በእህቴ ላይ የደረሰው በሌላ እናት ላይ እንዳይደርስ ይህን ጽፌአለሁ። የስቱዲዮውን ስም አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ አሠራር በሌሎች ቤቶችም እንዳለ ከማውቃቸው እናቶች ሰምቻለሁ።

ታናሽ እህቴ ነፍሰ ጡር ሳለች ሥራቸውን በቲክቶክ ያየችላቸውን ሰዎች በቴሌግራም ስታነጋግራቸው፣ አራስ ልጅ ተጠቅልሎና ተኝቶ ፎቶ የሚነሳው ከተወለደ እስከ 14 ቀን ድረስ ብቻ ስለሆነ ወረፋው ሳይሞላ አሁኑኑ ቀብድ እንድትከፍል ነገሯት። አባባሉ ከፊል እውነት አለው። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ጊዜ ስለሚተኛና እጅና እግሩን ሰብስቦ ለማስተኛት ስለማያስቸግር ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህን ጊዜ ይመርጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚነሳው ፎቶ አያምርም ማለት ግን አይደለም። በእኛ ቤት ልጅ አምሮበትና ለብሶ ፎቶ የሚነሳው ክርስትና ሲነሳ፣ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀኗ ነው፤ እነዚያ ፎቶዎች ዛሬም ከግድግዳችን አልወረዱም። ስለዚህ «ጊዜው ያልፋል» እየተባላችሁ ተቻኩላችሁ አትክፈሉ።

የውሉ ዋና ጉድለት ቀኑ ላይ ነው። ሐኪም የሚነግራችሁ የመውለጃ ቀን ግምት ነው፤ በ37ኛውም ሆነ በ41ኛው ሳምንት ጤነኛ ልጅ ይወለዳል። ስቱዲዮው ግን ይህን ግምት እንደ ቁርጥ ቀጠሮ መዝግቦ ከጠቅላላ ዋጋው ከ15 ሺህ ብር ግማሹን ተቀበለ። እህቴ ቀኑ አልፎባት በቀዶ ሕክምና ተገላገለች፤ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ላይ አራተኛ ፎቅ ድረስ መውጣት የምትችልበት ሁኔታ ላይም አልነበረችም። ቀጠሮው እንዲተላለፍ ስንጠይቅ «ቀኑን ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ» ተብለን ተጨማሪ 2 ሺህ ብር ከፈልን። በደረሰኙ ግርጌ «ቀብድ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለ፤ ቀን ቢለወጥ ምን እንደሚሆን ግን አንድም ቃል አልተጻፈም።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ከተወ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ያ ማኅተም የሚናገረው የእናንተን ጉዳት ብቻ ነው። ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ቀጠሮው ልጁ ከተወለደ በኋላ እንደሚቆረጥ፣ እናት ወይም ሕፃን ቢታመም ያለ ክፍያ እንደሚተላለፍ፣ ስቱዲዮው ቢቀር ምን እንደሚመልስ በጽሑፍ አስቀምጡ። ይህን ለመጻፍ እምቢ የሚል ቤት ገና ከመነሻው ማንነቱን ነግሯችኋል።

ከገንዘቡ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የቀረጻው ሁኔታ ነው። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ሳያባራ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ካሜራውንና መብራቶቹን እንጂ ሂተሩን አይችልም ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለማዋለጃ ክፍል ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት የሚመክረው አራስ ልጅ የሰውነቱን ሙቀት በሚገባ መጠበቅ ስለማይችል ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን እኛ ጋቢያችንን ሳናወልቅ ልጅቷ ራቁቷን ቅርጫት ውስጥ ተኛች። ቅርጫቱ ላይ የተነጠፈው ነጭ ፀጉራም ጨርቅ ጠርዙ ላይ የሌላ ልጅ ትውከት ደርቆ ነበር፤ እናቴ በጥፍሯ ፈቅፍቃ አሳየቻቸው። ከዚያም ልጅቷን በሆዷ አስተኝተው አገጯን በሁለት እጆቿ ላይ አስደግፈው ለቀቋት። ይህ አቀማመጥ በሠለጠነ ባለሙያ የሚሠራው ሌላ ሰው የሕፃኑን ራስ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ደግፎ በሚነሱ ሁለት ፎቶዎች ነው፤ ደጋፊው እጅ በኋላ በኮምፒውተር ይጠፋል። የእነሱ ረዳት ግን ስልኩን እያየ ቆሞ ነበር። እናቴ «ልጄ፣ ኧረ አንገቷ ገና አልጠናም!» ብላ ራሷ ገብታ ያዘቻት። ስለዚህ የሕፃኑን ራስ የሚደግፈው ሰው ማን እንደሆነ፣ ጨርቁ ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ይታጠብ እንደሆነና መብራት ቢጠፋ ክፍሉ በምን እንደሚሞቅ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቢቻል ክፍሉን ሄዳችሁ እዩት። ጉንፋን የያዘው ሰው ልጁን እንዳይነካ ማስከልከልም መብታችሁ ነው።

«ሙሉ ፓኬጅ» የተባለው ደግሞ 10 የታረሙ ፎቶዎችና አንድ ትንሽ አልበም ሆኖ ተገኘ። የተቀሩትን በሶፍት ኮፒ ለማግኘት ለእያንዳንዱ 300 ብር ተጠየቅን። ስንት ፎቶ እንደሚታረም፣ ያልታረሙት ይሰጡ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚደርሱ ካልተጻፈ ዋጋው መጨረሻ የለውም።

አልበሙ ሳይደርሰን የልጅቷ ቪዲዮ በስቱዲዮው የቲክቶክ ገጽ ላይ ወጣ። ማንም ፈቃድ አልጠየቀንም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል፤ በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ቪዲዮውን ከገጻቸው ያጠፉት በጽሑፍ ከጠየቅናቸው በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግን ስንት ሰው ወደ ስልኩ እንዳወረደው ማወቅ አይቻልም። በውሉ ላይ «ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አይለጠፍም» የሚል መስመር አስገቡ።

ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ስናቀርብ መጀመሪያ የተጠየቅነው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ነበር፤ የተሰጠን ግን ማኅተም ብቻ ያረፈበት ተራ ወረቀት ነው። ጉዳያችን እስካሁን እልባት አላገኘም፤ በእጃችን ያለው ማስረጃ የባንክ ማስተላለፊያውና የቴሌግራም መልእክቶቹ ናቸው። ቴሌግራም ላይ አንደኛው ወገን የሁለቱንም መልእክት ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ዋጋ የተነገራችሁን ዕለት ንግግሩን ስክሪንሹት አንስታችሁ አስቀምጡ።